ሚዛን ላይ ስለወጣው ዕቃችን፦ ከጎንደር የአሮጌ ብረት ተራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ይድረስ ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በተራችን የሚገኘው አሮጌ ዕቃ በኪሎ ተመዝኖ እንዲነሣ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በጎንደር ከተማ ያረጁ ተሽከርካሪዎችን እየፈታን መለዋወጫ የምንሸጥ፣ ብረት የምንለይ፣ የምንበይድ፣ በቶርኖ የምንቀርጽና ከበርሜል ማንደጃ የምንሠራ የአንድ ተራ ሰዎች ነን። ጉዳያችንን በአደባባይ ማቅረብ የመጀመሪያ ምርጫችን አልነበረም። ሁለት ማመልከቻዎች አስገብተን፣ ሁለቱም በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ቅጂዎቹ በእጃችን ቢኖሩም መልስ ስላላገኘን ወደዚህ መጥተናል። የጽሕፈት ቤቱን ስም በደብዳቤው ላይ ያልጻፍነው ማንን እንደምናነጋግር ጠፍቶን ሳይሆን የምንፈልገው መፍትሔ እንጂ የማንም መወቀስ ስላልሆነ ነው፤ እርስዎ ሲያነቡት ለእርስዎ እንደተጻፈ ያውቁታል።

የተፈጸመው ባጭሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ በተራው በር ላይ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ማስታወቂያው «በግቢው ተከማችቶ የሚገኘው ቆሻሻ ብረት» ለከተማዋ ገጽታ ሲባል በ15 ቀናት ውስጥ እንዲነሣ፣ ካልተነሣም በኪሎ ተመዝኖ ለብረት ማቅለጫ እንደሚተላለፍና ገንዘቡ ለባለይዞታው እንደሚከፈል ይገልጻል። ከመለጠፉ በፊት ጠርቶ ያነጋገረን የለም። በ16ኛው ቀን ጠዋት አንድ ሎደርና ሁለት ገልባጭ መኪኖች መጥተው የሦስት አባሎቻችንን ይዞታ አነሡ፤ የሌሎቻችን ተራ እስኪደርስ ድረስ በይደር ተይዟል።

የመጀመሪያው ቅሬታችን «ቆሻሻ» የሚለው ቃል ነው። ስድብ ሆኖብን አይደለም፤ ዕድሜውን ግራሶ ሲነካ የኖረ ሰው በዚህ አይከፋም። ቅር ያሰኘን ውሳኔውን የወለደው ቃሉ ራሱ በመሆኑ ነው። ዕቃው ቆሻሻ ከተባለ መለኪያው ሚዛን ይሆናል፤ ሚዛን ላይ የወጣ ዕቃ ደግሞ ስም የለውም። የአይሱዙ ሞተሪኖ፣ የላንድሮቨር ካምቢዮ፣ የዶልፊን ዲናሞ፣ የኤንትሬ (የጥንቱ የፊያት ጭነት መኪና) ባሌስትራ (ከሥሩ ያለው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) የሚባል ነገር ከሚዛን በኋላ ይጠፋል፤ የሚቀረው ይህን ያህል ኪሎ ብረት ብቻ ነው። እኛ ግን ኑሯችንን የመሠረትነው በስሙ ላይ ነው። የሚሠራ ሞተሪኖ በኪሎ ቢሸጥ ለአንድ ሰው ምሳ አይበቃም፤ በስሙ ሲሸጥ ግን የቆመ መኪና አስነሥቶ የሻጩንም የሾፌሩንም ቤት እንጀራ ያቆያል።

ከአስፋልቱ ላይ ቆሞ ለሚያየን ሰው ግቢያችን የዝገት ክምር እንደሚመስል አይጠፋንም። ለገባ ሰው ግን መጋዘን ነው። ቸርኬዎች በብሎን ቀዳዳቸው ቁጥር፣ ባለ 5ው ከባለ 5፣ ባለ 6ው ከባለ 6 ጋር ተደራርበው ይቆማሉ። ኩሽኔታዎች በነጭ ጋዝ ታጥበው፣ ግራሶ ተቀብተው፣ በፌስታል ተጠቅልለው አፉ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ይቀመጣሉ። የመኪና በሮች እንደታጠበ ልብስ በሽቦ ላይ ተሰቅለዋል፤ መስታወታቸው ደኅና የሆነው ወደ ውስጥ፣ የተሰነጠቀው ወደ አጥሩ ነው። ከበሩ አጠገብ የተከመረው ላሜራ ብቻ እውነትም በኪሎ የሚሸጥ ነው፤ እሱንም ራሳችን እንሸጠዋለን፣ ከማስታወቂያው በፊትም እንሸጠው ነበር።

ዕቃ ስናስረክብም እንዲሁ ከክምር መዝዘን አይደለም። አንድ ገዢ ክራንክሻፍት (የሞተር ዋና ዘንግ) ቢፈልግ፣ በተራው ከልጅነቱ ጀምሮ የሠራ አንድ አዛውንት አባላችን ብረቱን በሽቦ ያንጠለጥለውና በትንሽ መዶሻ ጫፉን ነካ ያደርገዋል። እንደ ደወል ካንቃጨለና ድምፁ ከረዘመ ጤነኛ ነው፤ ዱብ ብሎ ከቀረ ሆዱ ውስጥ ስንጥቅ አለ። በዚህ ብቻ አይረካም። ብረቱን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ የተፈጨ ጠመኔ ይቀባዋል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሻይ ያዛል። ሻዩ ሳያልቅ፣ ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ በጠመኔው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። መስመር የወጣበት ወደ ላሜራው ክምር ይሄዳል፤ ያልወጣበት ይሸጣል። በዚያ ጠዋት የመጣው ሎደር ይህን ልዩነት ሊያውቅ አይችልም፤ በአንድ አፋሽ ሁለቱንም አነሣ።

ከሦስቱ አባሎቻችን የአንዷን ነገር በተለይ ልናስረዳዎ እንወዳለን። ይህች እኅታችን ባለቤቷ ካረፈ በኋላ ይዞታውን እሷ ነበረች የምታስተዳድረው። ባለቤቷ በሕይወት ሳለ እያንዳንዱን ዕቃ የት እንዳስቀመጠ በቃሉ ያውቅ ነበር፤ እሷ ግን ያንን ዕውቀት በአንድ ክረምት ከረዳቱ ጋር እየዞረች በትምህርት ቤት ደብተር ላይ አሰፈረችው። ደብተሩን እኛም አይተነዋል። «የኤን.ፒ.አር. ፍሪሲዮን፣ አንድ፣ ከበርሜሉ ጀርባ»፣ «የሱዙኪ ዲናሞ፣ ጥቅልሉ የተቃጠለ፣ ለመለዋወጫ ብቻ»፣ «የቮልስ ካርቡራተር፣ ጠያቂ አለው፣ ለሌላ እንዳይሸጥ» የሚሉ መስመሮች ገጹን ሞልተውታል። የተሸጠውን በቀይ እስክሪፕቶ ትሠርዘዋለች። ሎደሩ ከሄደ በኋላ የተሰጣት ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ጠቅላላ ክብደት። ዛሬ በእጇ ያለው ያልተሠረዙ መስመሮች የሞሉበት ደብተር ነው፤ ዕቃው የለም። ካርቡራተሩን ያስያዘው ሰው ቀብዱን ሊያስመልስ መጥቶ፣ እሷ ከየት አምጥታ እንደምትከፍለው አላወቀችም ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታችን ውሳኔው የተራውን ሰዎች ብቻ የሚነካ ተደርጎ መታየቱ ነው። ባለፈው ሰኔ ከደምቢያ፣ ከቆላ ድባ ወዲያ ካለ ቀበሌ፣ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት መጡ። በናፍጣ የሚሠራው የሊስተር ሞተራቸው ፖምፓ ተበላሽቶ ወፍጮው ከቆመ ሰነባብቷል፤ በአካባቢው ያሉ እናቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዱ ነበር። አዲስ ፖምፓ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ማለት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ መንገዱ በተዘጋባቸው ሳምንታት ደግሞ ጭራሹን የማይታሰብ ነበር። በእኛ ግቢ ግን ለዓመታት ዝናብ ሲወርድበት ከኖረ አንድ የሊስተር ሞተር ላይ ፖምፓው ተፈታ፤ ያለቀውን ቡሽ የቶርኖ ሠራተኛችን ከነሐስ ቀርጾ ተካው፤ ሰውየው በማግሥቱ በአውቶቡስ ይዘውት ሄዱ። ያ ሞተር ከተነሡት ሦስት ይዞታዎች በአንዱ ውስጥ ነበረ። ዛሬ ሌላ ወፍጮ ቢቆም ከየት እንደምናመጣ አናውቅም።

የገበሬውም ነገር እንዲሁ ነው። ከወገራም ከደምቢያም የሚመጡ ብረት ሠሪዎች ከእኛ የሚገዙት ያለቀ ባሌስትራ ነው። ለማረሻ የሚሆነው እሱ ነው፤ የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ከፌሮ ብረት ስለሚበልጥ በእሳት ግሎ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፣ ድንጋያማ መሬት ላይ ቶሎ አይበላም። ማረሻ ከፌሮ የሚሠራ አንጥረኛ በዓመቱ ደንበኛ አያገኝም። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤላውያን አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች የታወቀች ነበረች፤ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም ሙያው በአካባቢው አልጠፋም፣ ጥሬ ዕቃው ግን ከማዕድን ሳይሆን ከሞቱ የጭነት መኪናዎች ሥር የሚመጣ ከሆነ ቆይቷል። የገጠር ትምህርት ቤቶች በዛፍ ላይ ሰቅለው በብረት የሚመቱት ደወልም የከባድ መኪና ቸርኬ እንደሆነ ያላየ ያለ አይመስለንም። ርእሰ መምህራን መጥተው ሲመርጡ እንደ አዛውንቱ አባላችን በመዶሻ እየመቱ ነው፤ ድምፁ የሚርቀውን ይወስዳሉ።

ወደ መኪናው ስንመለስ፣ ጽሕፈት ቤቱ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ ተሽከርካሪ ወደ አገር ሲገባ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ጨርሰው እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእነዚህ ፖሊሲዎች ጥቅምና ጉዳት የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም፤ ከእኛ በላይ የሚያውቁ ሰዎች ይነጋገሩበት። ለእኛ የሚታየን ውጤቱ ነው፦ ዛሬ በጎንደር መንገድ ላይ ያለች የቤንዚን መኪና እዚሁ ታረጃለች እንጂ በአዲስ አትተካም፤ ዕድሜዋን የምታራዝመውም ከሞተች እኅቷ በሚፈታ ዕቃ ነው። አዲስ መለዋወጫ መግዛት የማይችለው የባጃጅ ልጅ፣ ባለ አንድ መኪናው የታክሲ ሰው፣ ከመተማ ሰሊጥ የሚያወርደው አይሱዙ ሁሉ የሚመጡት ወደ እኛ ነው። በዚህ ጊዜ ግቢውን ማቅለጥ የከተማዋን መለዋወጫ ማቅለጥ ነው።

ለብረት ማቅለጫው ይጠቅማል የሚል ሐሳብ እንዳለም ሰምተናል። ይህም በደንብ የታየ አይመስለንም። ሞተሪኖና ዲናሞ በውስጣቸው የመዳብ ጥቅል አላቸው፤ መዳብ ሳይፈታ ከብረት ጋር አብሮ ከቀለጠ በኋላ መልሶ አይለይም፣ ብረቱም በትኩሱ ሲዳመጥ እንዲሰነጣጠቅ ያደርገዋል። የካምቢዮ ቤትና ፒስተን ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ናቸው፤ አሮጌ አሉሚኒየምን ለብቻው አቅልጦ መልሶ መሥራት ከማዕድን ከማውጣት ጋር ሲተያይ እስከ 95 በመቶ የሚደርስ ኃይል ይቆጥባል፣ ከብረት ጋር ተደባልቆ ሲጣል ግን ይህ ሁሉ ይባክናል። አፉ የተደፈነ በርሜልና ያልተቀደደ ሾክ አብዞርበር እሳት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። እኛ መዳቡን ከብረት፣ አሉሚኒየሙን ከላሜራ የምንለየው ስለ ኃይል ቁጠባ ተምረን አይደለም፣ ዋጋቸው ስለሚለያይ ነው፤ ሥራው ግን ያው ሥራ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ቁራሌው ልጆች ከየገጠሩ በሚያመጡት ብረት ውስጥ ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊገኝ ስለሚችል፣ የማናውቀውን ብረት ሳንነካ ለፖሊስ እናሳውቃለን። ሎደር ይህን አይጠይቅም።

ሦስተኛው ቅሬታ አጭር ነው። እኛ ግብር ከፋዮች ነን። የንግድ ፈቃዳችንን በየዓመቱ እናድሳለን፤ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የሥራ ዘርፍ «ያገለገሉ የተሽከርካሪ መለዋወጫዎች ሽያጭ» እንጂ «ቆሻሻ ማከማቸት» አይደለም። ሰኔ ላይ መለዋወጫ ነው ተብሎ ግብር የተከፈለበት ዕቃ ነሐሴ ላይ ቆሻሻ የሆነበት ምክንያት እንዲብራራልን እንጠይቃለን። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህን ስጽፍ አባላቱ ሁሉ ስለሳቁ መቅረት የለበትም። በከተማው ቆሻሻ ከሚያነሡት መኪናዎች አንዱ ባለፈው ዓመት የቆመው በሞተሪኖ ብልሽት ሲሆን፣ መካኒኩ መጥቶ ዕቃውን የገዛው ከእኛው ተራ ነው። መኪናው እስካሁን በእሱ ይነሣል።

ከገንዘቡ ሌላ ያለውንም ነገር መናገር አለብን፤ ምንም እንኳ በማመልከቻ ቋንቋ ለመግለጽ የሚያስቸግር ቢሆን። ወደዚህ ግቢ የሚመጣው ሁሉ ገዢ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት የቴክኒክ ሙያ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ በመማሪያ ክፍል በሥዕል ያዩትን ዲፈረንሻል እዚህ ተከፍቶ፣ ጥርሱ ተበልቶ፣ በምን እንደተበላም ጭምር ያዩታል። የተበላ ጥርስ ከአዲስ ጥርስ የበለጠ ያስተምራል፤ የብልሽቱን ታሪክ ይዟልና። ልጆች ለሽቦ መኪናቸው ጎማ የሚሆን ክዳን ሊለምኑ ይመጣሉ። አንዳንዱ ሰው ምንም ሳይፈልግ መጥቶ ሲዞር ይውልና፣ ሊወጣ ሲል የአሮጌ ሬዲዮ ቁልፍ ወይም የማያውቀው መኪና ምልክት በእጁ ይዞ ዋጋ ይጠይቃል። ለምን እንደሚፈልገው ስንጠይቀው ራሱም አያውቅም።

በግቢው ጥግ ሞተሩ የወጣ ፊያት 682 ኤንትሬ ቆሟል። ቀለሙ ከፀሐይ ብዛት ወደ አመድነት ተለውጧል፤ የአሽከርካሪው ወንበር ስፖንጁ ወጥቶ ስፕሪንጉ ብቻ ቀርቷል። በየተወሰነ ጊዜ አንድ የቀድሞ ሾፌር አባት ምርኩዛቸውን ይዘው ይመጡና፣ ልጆቹ ደግፈው ጋቢናው ላይ ያወጧቸዋል። መሪውን ይይዛሉ። አንድ ቀን ስለ ሊማሊሞ አጫወቱን፤ ጭነት ይዞ ሲወጣ በአንደኛ ማርሽ ሰውም ሊቀድመው እስኪችል ድረስ እየተሳበ፣ ረዳቱ ታኮ በትከሻው ተሸክሞ ከኋላ በእግሩ እየተከተለ፣ ሞተሩ ትንፋሽ ሲያጥረው ታኮውን ከጎማው ሥር እየወረወረ። ይህን እየነገሩን እግራቸው የሌለውን ፍሬን ይረግጥ ነበር። መካኒኮቻችን ከሚጠሯቸው ቃላት ብዙዎቹ፣ ካምቢዮም፣ ባሌስትራም፣ ፍሪሲዮንም፣ ሞተሪኖም፣ ማርሚታም፣ ቸርኬም የጣሊያንኛ ዘር ያላቸው ናቸው፤ ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. አንሥቶ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ በዚህ አካባቢ መንገድ ሲቀድና መኪና ሲያስኬድ የቀሩ ናቸው። ወራሪው ሄደ፣ ቃሉና ብረቱ ቀረ፤ ብረቱን የእኛ አባቶች ፈትተው እየገጠሙ የራሳቸው ሙያ አደረጉት። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከተማዋ እንግዳ መቀበል ለምዳለች፤ ለጥምቀት ከሚመጡት እንግዶች መካከል ወደ እኛ ግቢ ጎራ ብለው ከኤንትሬው ጋር ፎቶ የሚነሡ አሉ። እኛ ጠርተናቸው አናውቅም።

ይህን ሁሉ ስንል ጥፋት የለብንም ማለታችን አይደለም። ያለብንን እንናገራለን። የተቃጠለ ዘይት ለረጅም ጊዜ መሬት ላይ ሲፈስ ኖሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቦይ፣ ከቦይም ወደ ወንዝ እንደሚወርድ እናውቃለን፣ ከተማዋ ደግሞ የመጠጥ ውሃዋን ከአንገረብ ግድብ የምትቀዳ ናት። ያለቁ ባትሪዎችን ሽፋናቸውን ሰብረው እርሳሱን የሚያወጡ አባላት ነበሩ፤ አሲዱ እጅ ያቃጥላል፣ እርሳሱም ከሁሉ በላይ ሕፃናትን ይመርዛል፣ ይህን ካወቅን በኋላ ባትሪ መስበርን በስብሰባ ከልክለናል፤ የክልከላው መከበር ግን ሁልጊዜ ያኮራናል ማለት አንችልም። ክረምት ላይ ውሃ የቋጠሩ ጎማዎች የትንኝ መራቢያ መሆናቸውም እውነት ነው። የተሰረቀ የመኪና መስታወትና ስፖኪዮ በእኛ በኩል አልፎ አያውቅም ብለን ብንምል ማንም አያምነንም። በእነዚህ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤቱ ቢቆጣን መብቱ ነበር። የደረሰን ማስታወቂያ ግን ስለ ዘይት፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ጎማና ስለ ሌብነት አንድም ቃል የለበትም፤ የተጻፈው ስለ ገጽታ ብቻ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው ሳይነካ የማያምረው ተነሣ። ከሎደሩ በኋላ በሦስቱ ይዞታዎች ላይ የቀረው የዘይቱ እድፍ ብቻ መሆኑን መጥተው ቢያዩ ደስ ይለናል።

በምትክ ተብሎ በቃል የተነገረን ቦታም አለ። ሄደን አይተነዋል። ከከተማው ርቆ በተዳፋት ላይ ያለ ሜዳ ነው፤ ውሃ የለውም፣ ባለ ሦስት ፌዝ የመብራት መስመር አልደረሰበትም። የእኛ ቶርኖና የብየዳ ማሽን ያለ ባለ ሦስት ፌዝ መብራት አይሠሩም፤ ያለ ቶርኖና ያለ ብየዳ ደግሞ የእኛ ግቢ ግማሹ የለም፣ ፖምፓው ቢገኝ ቡሹን የሚቀርጽ የለምና። መካኒኩ ጋራዡ ላይ የተፈታ መኪና ትቶ ለአንድ ጉርኒሲዮን ያን ያህል መንገድ የሚመጣም አይመስለንም። መነሣት በመርህ ደረጃ አንቃወምም። የምንቃወመው ሥራው ወደማይሠራበት ቦታ መነሣትን ነው።

ስለዚህ የሚከተሉት እንዲደረጉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በቀሪዎቹ ይዞታዎች ላይ በይደር የተያዘው ማንሣት ለ6 ወራት እንዲቆምና መቆሙ በጽሑፍ እንዲሰጠን። በቃል የተሰጠን መልስ ከሚቀጥለው ማስታወቂያ በፊት እንደሚረሳ ከልምድ እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ በእነዚህ ወራት ውስጥ ከጽሕፈት ቤቱ፣ ከተራው አባላትና ከቴክኒክ ሙያ አሠልጣኞች የተውጣጣ ኮሚቴ ይዞታ በይዞታ እየዞረ ዕቃውን በሦስት እንዲለየው፦ መለዋወጫ የሆነው በቦታው ይቆይ፤ ብረት ብቻ የሆነው መዳቡና አሉሚኒየሙ ተለይቶ ወደ ማቅለጫ ይሂድ፤ በእርግጥ ቆሻሻ የሆነው ይወገድ። ለመለየት ሰው አቅርበን ያለ ክፍያ እንሠራለን። አዛውንቱ አባላችን መዶሻቸውን ይዘው እንደሚገኙ ከወዲሁ ተናግረዋል።

ሦስተኛ፣ ይዞታቸው የተነሣባቸው ሦስት አባላት የጠፋባቸው ዕቃ በኪሎ ሳይሆን በዓይነቱ ተገምቶ እንዲካሱ። እንደ ማስረጃ የእኅታችን ደብተር፣ የሌሎቹም የግዢ ደረሰኞችና የተያዙ ቀብዶች አሉ። ዕቃው ወደ ማቅለጫ ያልተላከና እስካሁን በአንድ ቦታ ተከማችቶ ያለ ከሆነ፣ እንደሆነም የሚነግሩን አሉ፣ ገብተን የሚሠራውን እንድንለይ ይፈቀድልን። በዚህ ጉዳይ አንድ ሳምንት ብዙ ጊዜ ነው፤ በዝናብ ላይ የቆየ ክፍት ካምቢዮ መልሶ ካምቢዮ አይሆንም።

አራተኛ፣ ዘይት የምናጠራቅምበት የጋራ በርሜልና የሲሚንቶ ወለል፣ ለጎማው ጣሪያ፣ ለባትሪው የታወቀ ተረካቢ እንዲመቻችልን፤ ወጪውን ከአባላት መዋጮ ጋር ለመጋራት ዝግጁ ነን። ከሻጭ መታወቂያና ከዕቃ ቁጥር ጋር የሚያዝ የግዢ መዝገብም በእኛ በኩል ከፊታችን ኅዳር 1 ቀን ጀምሮ ይከፈታል፤ ፖሊስ በፈለገ ጊዜ ሊያየው ይችላል። ይህን የምናደርገው ጥያቄያችን ቢመለስም ባይመለስም ነው።

አምስተኛ፣ ከአስፋልቱ የሚታየው ነገር የሚያስቸግር ከሆነ፣ በራሳችን ወጪ ከተጣራ ላሜራ ወጥ የሆነ አጥር ለማቆምና ቀለም ለመቀባት እንዲፈቀድልን፤ ላሜራው አለን፣ በያጁም አለን።

መጨረሻ የምንጠይቀው ኤንትሬውን ይመለከታል። ከነጋቢናው፣ ከነሻንሲው፣ በቆመበት ጥግ እንዲቀር፤ ሚዛን ላይ እንዳይወጣ። ባለቤቱ አባላችን በስጦታ ሊሰጠው ፈቅዷል። ከቦታው መነሣት ካለበት እንኳ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይነገረን፤ ለሾፌሩ አባት የምንነግራቸው ነገር እንዲኖረን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሮጌ ዕቃና የተሽከርካሪ መለዋወጫ ተራ ጸሐፊ፣
በተራው ነጋዴዎች፣ ፈታቾች፣ በያጆችና የቶርኖ ሠራተኞች ስም